ባለትዳሯ ገና አልተፈታችም

ቀናተኛ ሰው እንቅልፍ የለውም የሚሉት ውሸት ነው። ይሄኛው እንደ ግንድ ተጋድሞ ነው የሚያድረው። የሚቀናው ነቅቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ሥራዬ ብሎ ነው።

እንጀራው መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ተማሪዎቹ «ፍሬን» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ስሙም በደንብ ነው የሚገባው። የማስተማሪያ መኪና በአስተማሪው እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን አላት፤ ተማሪው ሲሳሳት ብቻ የምትረገጥ። እሱ ግን እግሩን ከዚያ ላይ አንስቶ አያውቅም። ቀጥ ባለ መንገድ፣ ሰው ዝር በማይልበት፣ ተማሪው ገና ማርሽ ሳይቀይር «ኧረ ቀስ!» ብሎ ይረግጣታል። ለምን ብትሉት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላችኋል። ይቺን ተረት መንገድ ላይ ብቻ ቢጠቀምባት ምን ነበረበት! እሱ ግን ቤቱ ድረስ ይዟት ገባ።

ሚስቱ የቆዳ ክሬም የሚያመርት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ተጫዋች ሴት ናት፤ ሥራ ቦታዋ ድንጋይ ታስቃለች ይሏታል። ቤት ስትመጣ ግን ጨዋታዋን ከጋውኗ ጋር እዚያው ሰቅላ ነው የምትመጣው። አንድ ጊዜ የሰማችውን ቀልድ ብትነግረው «ማነው ያለው?» አላት። ያለው ወንድ ነበር። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ቀልድ የለም።

ቀልዱን ያለው ደግሞ ሎጋው ነው። ሎጋው አብሯት የሚሠራ ወጣት ነው፤ ቁመቱ የበር መቃን ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ጥርሱ ደግሞ እዚያ ጋ ሆኖ እዚህ ጋ ያበራል። ፍሬን አንድ ቀን ሚስቱን ሊወስድ ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ሳለ ሎጋው ጎንበስ ብሎ «እንደምን ዋሉ ጋሼ» አለው። ጋሼ! ከዚያች ቀን ጀምሮ ፍሬን የዚህ ልጅ ነገር አንጀቱን ይበላዋል። መስታወት ፊት ቆሞ «ምኔ ነው ጋሼ የሚያስብለው?» ይላል፤ የሚመልስለትም የለም።

እንግዲህ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ሚስቱ ቤት ገብታ እጅጌዋን ስትሰበስብ ፍሬን ዓይኑ ክንዷ ላይ ተተከለ። የውስጠኛው ክንዷ ላይ፣ ያ ለስላሳው ቦታ ላይ፣ በእስክሪብቶ የተሣሉ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች አሉ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የሥራ ነው። አዲሱን ክሬም መጀመሪያ ራሳችን ላይ ነው የምንሞክረው። ቫይታሚን ኢ አለበት፤ ቆዳ ውስጥ ምን ያህሉ እንደሚገባ ልናይ ነው። እስከ ነገ ውሃ እንዳይነካው።»

«ማነው የሣለብሽ?»

ሞኝ አይደለችም፤ ምን እንደሚከተል ታውቃለች። መዋሸትም ግን አትወድም። «ሎጋው» አለች።

«በእጁ?»

«አይ፣ በእግሩ» አለችና ወደ መኝታ ቤት ገባች።

ክንዷ ውሃ ስለማይነካው የዚያን ቀን ዕቃ አጣቢው እሱ ሆነ። ወጥ ቤት ቆሞ ሳህን ሲያሽ የሚስቱ ስልክ ሳሎን ውስጥ ጮኸ። ልብስ እያጣጠፈች ስለነበር ድምፁን ለቅቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። በሩ ገርበብ ብሏል። ፍሬንም ቧንቧውን ዘጋ። ለምን ዘጋ? ሳህኑ ስላለቀ መሰላችሁ?

«እሺ፣ ባለትዳሯስ?» አለች ሚስቱ።

«ባለትዳሯ ገና አልተፈታችም» አለ ሎጋው። «እኔ እኮ ጠብቄ ጠብቄ ሰለቸኝ!»

«ታገስ እንጂ! በአንድ ጀምበር የምትፈታ መሰለህ? ባሏ ጥብቅ አድርጎ ነው የያዛት።»

«ትፈታ ይሆን ግን?»

«ትፈታለች። ነገ ክንዴን ስታየው ይለይልናል» አለችና ሳቀች።

ፍሬን ሳህኑን እንደያዘ በቁሙ ደረቀ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው ስለ ራሱ ቤት የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ እንዲያውም የገረመኝ ቃሉ አይደለም፤ እሱን የገደለው ሳቋ ነው። ከሆድ የወጣ፣ ትከሻ የሚነቀንቅ ሳቅ ነበር። እሱ ይሄን ሳቅ መቼ ሰምቶት ነበር? ያኔ ሲተጫጩ። ለእሱ የተነፈገ ሳቅ በስልክ ለጎረምሳ ሲሰጥ ደሙ ፈላ፣ ዓይኑ ደም ለበሰ።

ግቢ ወጥቶ ታላቅ እህቱ ዘንድ ደወለ። «እታለም፣ ልትፈታኝ ነው» አላት፤ የሰማውንም አንድ በአንድ ዘረዘረላት።

«አንተ! ጠይቃታ!» አለች እህቱ።

«ጠይቄያት ልትዋሸኝ?»

«ታዲያ እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ? የአንተ ቅናት እኮ መድኃኒት የለውም!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

እህት ማለት እንዲህ ናት፤ እውነቱን ትነግርና ትዘጋለች። እሱ ግን ምክር መች ፈልጎ? የሚፈልገው አብሮት የሚቃጠል ሰው ነበር።

ጠዋት ላይ የሠራውን ሥራ ስነግራችሁ እኔም አፍራለሁ። ሚስቱ ገንዳው አጠገብ ቆማ ሻይዋን ስትጠጣ እሱ የሳሙና ውሃ የሞላ ሳህን አነሣ፣ «አፈር በበላሁ፣ አዳለጠኝ!» አለና ክንዷ ላይ ደፋው። ደፍቶ ቢተው እንኳን ጥሩ። «ቆይ ላድርቅልሽ፣ አይዞሽ» እያለ በፎጣ ያንን ለስላሳ ቦታ ፈተገው። አሽቶ አሽቶ ቀለሙንም ክሬሙንም አጠፋው። ከክንዷ ላይ የሎጋውን እጅ የሚያጥብ ይመስል ነበር።

ሚስቱ ቀይ የሆነ ክንዷን አየች። ከዚያ እሱን አየችው። አንዲት ቃል ሳትናገር እጅጌዋን አውርዳ ወጣች። ብትጮህበት ይሻለው ነበር፤ ዝምታዋ ጭራሽ ጥርጣሬውን አጋጋለው። «አየህ፣ ጥፋት ባይኖርባት ትጮህ ነበር» አለ ለራሱ። ቀናተኛ መቼም ማስረጃ አያጣም።

የዚያን ቀን ጠዋት ተማሪው ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ። የሰው ልጅ ሲያዋልዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ መኪና ካልነዳሁ ያሉ ጠንካራ ሴት ናቸው። መሪውን በሁለት እጃቸው አንቀው ይሄዳሉ።

«ወደ ግራ ፍሬቻ ያሳዩ፣ እትዬ» አለ ፍሬን።

«ልምምዳችን ወደ ቀኝ አይደለም እንዴ?»

«ዛሬ በግራ ነው።»

«አሁን ደግሞ?»

«ቀጥ ይበሉ። ትንሽ ፈጠን!»

አዋላጇ ስፖኪዮውን ትተው ዞረው አዩት። ይሄ ሰው ፈጠን ብሎ አያውቅማ! «ልጄ፣ ምጥ የያዛት ሰው አለች?» አሉት። ፋብሪካው በር ላይ ሲደርሱ መኪናዋ በደንብ ሳትቆም ዘሎ ወረደ፤ እሳቸውም የእጅ ፍሬኑን ራሳቸው ያዙና ተከተሉት። እንዲህ ያለ ነገር የሚያመልጣቸው ሴት አይደሉም።

ላቦራቶሪው በሩ መስታወት ነው። ፍሬን አፍንጫውን ለጥፎ አየ። ሚስቱ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ግራ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች። ሎጋው አጎንብሶ፣ ጓንት ባጠለቀ ጣቱ፣ ክንዷ ላይ ክሬም በቀስታ ክብ ክብ እያዞረ ይቀባል። እሷም ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች።

በሩን በርግዶ ገባ። «አንተ! እጅህን አንሣ!» ብሎ ጮኸ። ብልቃጦቹ ሁሉ የተንቀጠቀጡ መሰለ። «ስማ! ይቺ ሴትዮ ባለትዳር ናት! ገባህ? አትፈታም! ሰማይ ቢደፋ አትፈታም!»

ሎጋው ክሬሙ ጣቱ ላይ እንዳለ ክው ብሎ ቀረ። ጥግ ላይ የላቦራቶሪው አለቃ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ትልቅ ሴትዮ፣ የራሳቸው ክንድ ላይ ግልጽ ፕላስተር ለጥፈው ነበር። ፕላስተሩን በወረንጦ ይዘው፣ በተረጋጋ ድምፅ «እሱንማ እኛም እያየነው ነው ልጄ» አሉ። «አልፈታ ብላ አሠቃየችን።»

ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ሎጋው ጠረጴዛውን ይዞ ተንበረከከ። አለቃዋ እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። አዋላጇ እንኳ በር ላይ ሆነው ምንም ሳይገባቸው ሳቁ። ያልሳቀች ሚስቱ ብቻ ናት።

«ና ልጄ፣ ባለትዳሯን ላስተዋውቅህ» አሉ አለቃዋ፣ ሁለት ብልቃጦች አንሥተው። «ይቺ ላጤዋ ናት። ቫይታሚን ኢ ብቻዋን። አየር ሲያገኛት፣ ብርሃን ሲያገኛት ትበላሻለች፤ ይኸው ጠቁራለች። ይቺ ደግሞ ባለትዳሯ ናት። ከሌላ ነገር ጋር አጣብቀን የምናስቀምጣት ቫይታሚን። እሱ ባሏ ነው። ባሏ እስካለ አትበላሽም፤ ብዙ ጊዜ ክሬም ውስጥ የምናስገባት እሷን ነው።»

ፍሬን በዚያ ሁሉ ኀፍረት መሃል «አየሽ!» የሚል ዓይን ወደ ሚስቱ ወረወረ። ባል ጠባቂ ሆኖ ሲወጣ ደስ አለው መሰለኝ።

«አትቸኩል» አሉ አለቃዋ። «አትበላሽም፤ ግን ሥራም አትሠራም። ባሏ የያዛት በዚያው በምትሠራበት እጇ ነው። ቆዳ ላይ ስንቀባት አብዛኛዋ ላይ ላዩን ትቀራለች፤ የቆዳው የላይኛው ሽፋን የሞተ ነው፣ ምንም አያደርጋትም፤ ስትታጠብ ትሄዳለች። ትንሿ ግን ወደ ታች ትዘልቃለች፤ እዚያ ቆዳው ሕያው ነው። ሕያው ቆዳ የሚቆርጥ ነገር አለው፣ ኢንዛይም የምንለው። እሱ ነው ከባሏ የሚያፋታት። ስትፈታ ሥራዋን ትጀምራለች፤ ፀሐይ ቆዳውን ሊጎዳ ሲመጣ ቀድማ ትቃጠልለታለች።»

ይሄን እያሉ ከክንዳቸው ላይ ፕላስተሩን ሳብ አደረጉት። «የመጀመሪያውን ፕላስተር እንጥለዋለን፤ የሚይዘው ላይ የተንሳፈፈውን ነው። ከዚያ ደጋግመን እየለጠፍን ስንልጥ፣ ቆዳው ስስ ስስ እያለ አብሮ ይመጣል። መኪናው፣ ማለቴ የመለኪያው መኪና፣ ባለትዳሯንና ላጤዋን ለይቶ ይነግረናል። ስሙን ያወጣችው እንግዲህ ሚስትህ ናት። ቀልደኛ ናት እኮ! ቤትማ እንዴት ታስቅህ ይሆን!»

ፍሬን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ፈለገ።

«ዛሬ ብቻ ነው ያበሳጨችን» አሉ አለቃዋ። «ስሕተት የማታውቅ ልጅ፣ ረስታ ክንዷን በሳሙና አጥባው መጣች! ይኸው በግራው እንደ አዲስ ጀመርን። የትናንት ልፋት ሁሉ ገደል ገባ።»

ፍሬን ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። እሷ ደግሞ ክንዷን አየች። ረስቼ ነው ብላለች። ራሷ ላይ አድርጋ፣ በሰው ፊት ተወቅሳለታለች። ይሄኔ ነው ወሽመጡ የተቆረጠው። ሎጋውም ጨዋ ልጅ ነው፣ ከመሬት ተነሥቶ ጋውኑን አራገፈና «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እኛ መቼም ሥራችን እንዲህ ነው» አለው። አሁን ጋሼ መባሉ ትዝም አላለው።

«ሂድ» አለችው ሚስቱ በቀስታ። «ሰው እያስተማርክ ነው።»

ሲመለሱ የነዱት አዋላጇ ናቸው። እሱ እግሩን የት እንዳደረገው አያውቅም፤ ብቻ ቀይ መብራት ጋ ሲደርሱ ራሳቸው ነበሩ የቆሙት።

አመሻሹ ላይ ሚስቱ ስትገባ ቤቱ ተጠርጎ፣ ወለሉ ተወልውሎ፣ ሻይ ተፈልቶ ጠበቃት። ፍሬን ቆሞ ነበር። «አጠፋሁ» አለ። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እሺ» አለች፣ ጫማዋን እያወለቀች።

«እሺ ብቻ? ስደቢኝ እንጂ!»

«ምን ብዬ?»

ምን ብላ እንደምትሰድበው እሱም አላወቀም። አጠገቧ ተቀመጠ። «እኔ እኮ ስለምወድሽ ነው የምቀናው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አንቺ ግን አንድ ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም። ቀኑን ሙሉ ከሴት ጎን ተቀምጬ ነው የምውለው። እጃቸውን ይዤ ማርሽ አስቀይራለሁ። አንድ ቀን እንኳ ማን ናት፣ ቆንጆ ናት ወይ ብለሽ ታውቂያለሽ? ስለምታምኚኝ ነው አይደል?»

ሻይዋን ቀምሳ አስቀመጠችው።

«ድሮ እቀና ነበር» አለች። «እንደተጋባን ሰሞን። መኪናህ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ቀበቶውን ነበር የማሸተው፣ የሴት ሽቶ ይኖረው እንደሆን ብዬ። ወንበሩ ላይ ፀጉር እፈልግ ነበር። ያቺ ባንክ የምትሠራው ተማሪህ ትዝ ትልሃለች? ስሟን በጠራህ ቁጥር ሽንት ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር።»

የፍሬን ልብ በደስታ ዘለለች። ያፈረ ሰው በዚያው ሰዓት እንዲህ ይደሰታል ብላችሁ ታምናላችሁ? ሚስቱ ቀንታበታለች! አልቅሳለታለች! «አንቺ! ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ወደ እሷ ተጠግቶ።

«መቼ ልንገርህ? ሁልጊዜ ቀድመህ የምትጮኸው አንተ ነህ። ቤቱ የሁለት ሰው ቅናት አይችልም ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን የለም።»

«ስላመንሽኝ ነዋ!»

«እንጃ» አለች። ቁጣ የለባትም፤ የሆነውን ነው የምትነግረው። «ማመን ይሁን ሌላ ነገር ይሁን እኔም አላውቀውም። መቼ እንደተወኝም አላውቅም። አንድ ቀን መኪናህ ውስጥ ገብቼ፣ ቀበቶውን አሥሬ፣ ሳላሸተው ቤት ደረስን። ልብ ያልኩት ከወረድኩ በኋላ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ «ፍሬን ተለወጠ» አለ። እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሣ። ሚስቱን «ማነው ያለው?» ብሎ መጠየቅ ተወ። እህቱ እንኳ ሰምታ እልልታዋን ልታቀልጠው ምንም አልቀራት። ሆዱ ውስጥ ያለውን ግን ማን አየለት? አዲስ ቅናት ይዞታል። በማንም ሰው አይደለም የሚቀናው፤ ድሮ ቀበቶውን ታሸት በነበረችው በያኔዋ ሚስቱ ባል ነው የሚቀናው። ያ ሰውዬ እሱ ራሱ ነበር፤ ሲወደድ ግን አላየም፤ ሥራ በዝቶበት ነበር፣ ሲጠረጥር።

አንድ ቀን አንዲት ወጣት ተማሪ ሻርፗን የኋላ ወንበር ላይ ረስታ ወረደች። ቀይ፣ ስስ፣ ሽቶዋ ከሩቅ የሚጣራ ሻርፕ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደውሎ ይመልስላት ነበር። ዛሬ አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ቤት ገብቶም ሚስቱ የምትቀመጥበት ወንበር መደገፊያ ላይ፣ ሳትፈልግ እንድታየው አድርጎ ዘረጋውና ወጥ ቤት ገባ። በሩን ገርበብ አድርጎ ቆመ።

ሚስቱ ገባች። ቦርሳዋን አስቀመጠች። ሻርፑን አነሣች።

እሱ በበሩ ክፍተት አጮልቆ ጠበቀ። በመጨረሻ አልችል ብሎት ብቅ አለ።

«የማን ነው ብለሽ አትጠይቂኝም?» አለ።

«የማን ነው?» አለች፣ ስለጠየቃት።

«የተማሪዬ ነው። ቆንጆ ልጅ ናት።»

«ረስታው ነዋ፤ ስትፈልገው ትውላለች» አለች። ሻርፑን አራገፈችው፣ ጠርዙን ከጠርዙ አጋጥማ አሳምራ አጠፈችው፣ ከረጢት ውስጥ ከታ ጠዋት እንዳይረሳው በሩ እጀታ ላይ ሰቀለችለት።